ማስታወቂያውን አንተ አታየውም

 

የዛሬው ሐሳብ ከእናንተው ከአንዱ የመጣ ነው። በውስጥ መስመር ጻፈልኝ፤ እኔም ምን እንደምለው ሳላውቅ ሁለት ጁሙዓ ይዤው ቆየሁ። «ጥያቄውን አንሳው፣ እኔን ግን ተወኝ» ስላለ ስሙንም ከተማውንም አልጠቅስም።

ይህ ወንድማችን ተማሪ እያለ የጀመራት ድረ ገጽ አለችው። ለታመመ ሰው የሚደረግ ዱዓ፣ የመንገደኛ ሶላት፣ የዘካ ስሌት፣ ለጀማሪ የሚሆን የተጅዊድ ትምህርት ይገኝባታል። በቀላል አማርኛ የተጻፈ ነው፣ አንዳንዱም በድምፅ የተቀዳ። ለሦስት ዓመት የሆስቲንጉንም የዶሜይኑንም ክፍያ ከኪሱ ሲችል ኖረ። በዶላር መክፈል ለአገራችን ልጅ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ በየዓመቱ ውጭ ያለ ዘመድ መለመን ነው። በመጨረሻ ማስታወቂያ አስገባባት። ወራት ፈጅቶ የመጀመሪያው ክፍያ ሲደርሰው አልሐምዱሊላህ አለ። ድረ ገጿ ራሷን ቻለች።

ከዚያ አንድ ማታ የአክስቱ ልጅ ስክሪንሾት ላከለት። ይህ ልጅ ስፖርት ቤቲንግ ውስጥ ገብቶ ደሞዙን ሲጨርስ የነበረ፣ ከተወው ገና ጥቂት ወራት የሆነው ነው። ስክሪንሾቱ ላይ ከላይ የተውባ ዱዓ አለ። ከሥሩ የውርርድ ማስታወቂያ አለ፤ አዲስ ለሚመዘገብ ጉርሻ እንሰጣለን የሚል። ልጁ አንድም ቃል አልጻፈም፤ ምስሉን ብቻ ነው የላከው።

ወንድማችን ደንግጦ ያንኑ ገጽ በራሱ ስልክ ከፈተው። የላፕቶፕ ማስታወቂያ መጣ። ዘግቶ ደግሞ ከፈተ፤ የእንግሊዝኛ ትምህርት። ሌሊቱን ሙሉ ቢከፍት ቢዘጋ ውርርዱ ለእሱ አልመጣለትም። ጥያቄው እንግዲህ ይኸው ነው፦ «ያላየሁት፣ ያልመረጥኩት፣ ልየው ብልም የማላየው ነገር ያመጣልኝ ገንዘብ ሐላል ነው ወይ?»

ፈትዋ አልሰጥም። እሱ የዑለሞች ሥራ ነው፤ ወንድማችንም ወደሚያውቃቸው ሸይኽ እንዲሄድ ነግሬዋለሁ። እኔ የማነሳው ከፈትዋው በፊት ያለውን ነው። ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ አስቀድመን ካላስረዳን ሸይኹ የሚመልሱልን ለሌላ ጥያቄ ይሆናል። ብዙዎቻችን «ማስታወቂያ ማስገባት ይቻላል ወይ?» ብለን ነው የምንጠይቀው። ሸይኹ በሐሳባቸው የሚመጣላቸው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነው፤ «ዕቃው ሐላል ከሆነ ምን ችግር አለው?» ይላሉ። ልክ ናቸው። ስለ ወረቀቱ።

እስኪ ከዚያው ከግድግዳው እንነሳ። መርካቶ ሱቅ ያለው ሰው የሱቁን ግድግዳ ለማስታወቂያ ቢያከራይ፣ ጠዋት ሲከፍት የተለጠፈውን ያየዋል። የአረቄ ማስታወቂያ ከሆነ ጎረቤቱ ይነግረዋል፣ መስጂድ ሲገናኙም ኢማሙ ይቆጡታል። እሱም ያፍርና ያስነሳዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግድግዳው ለሚያልፈው ሰው ሁሉ አንድ ስለሆነ ነው።

አሁን ግድግዳው እንደ አላፊው የሚለዋወጥ ቢሆንስ? ለተማሪዋ ደብተር፣ ለሙሽራው ወርቅ፣ ቁማር ለተወው ልጅ ቁማር የሚያሳይ። ባለ ሱቁ ራሱ ወጥቶ ሲያየው ደግሞ ጨዋ የጫማ ሥዕል ይሆንለታል። በድረ ገጽ ላይ የሚሆነው ይህ ነው። አንድ ሰው ገጽህን ሲከፍት፣ ገጹ ተከፍቶ እስኪያልቅ ባለችው ከሰከንድ ባነሰች ጊዜ ውስጥ ጨረታ ይካሄዳል። ለጨረታ የሚቀርበው ባዶ ቦታህ ብቻ አይደለም፣ ከፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሰው ጭምር ነው። ኩኪ የምትባል ስልኩ ላይ የተቀመጠች ምልክት ሰውየው ከዚህ በፊት ምን ምን እንደከፈተ ታሳብቅበታለች። በየትኛው አካባቢ እንዳለና ምን ሊገዛ እንደሚችልም ይገመታል። ተጫራቾቹ በዚያ ላይ ተመስርተው ዋጋ ይሰጣሉ፤ ያሸነፈው ይለጠፋል። ደላላው የማስታወቂያ ድርጅቱ ነው።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ጎግል አድሴንስ የሚባለውን የባለ ድረ ገጾች አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀምር ማስታወቂያው የሚመረጠው በገጹ ይዘት ነበር፤ ስለ ቡና ከጻፍክ የቡና መፍጫ ይመጣልሃል። የሰውየውን ፍላጎት እየተከተለ የሚመጣውን የጨመረው በ2009 ነው። በ2010 ደግሞ በገጾች ላይ ከሚወጣ ማስታወቂያ ከሚሰበሰበው ገንዘብ 68 በመቶው የባለ ገጹ መሆኑን ይፋ አደረገ። ይህችን ቁጥር ልብ በሉልኝ። ብዙ ጊዜ «እኔ ምን አደረግሁ፣ ማስታወቂያውን የሚመርጡት እነሱ ናቸው» እንላለን። ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ግን ባለ ቦታው ነው።

«አላየሁም» የሚለው መልስ ክብደት አለው፤ አላቃልለውም። በዲናችን የማያውቅ ሰው ዑዝር አለው፤ ከአቅማችን በላይም አንጠየቅም። ከዚያም አልፎ፣ የሰውን ገንዘብ ከምንጩ ጀምሮ ካልመረመርኩ አልገበያይም የሚል ሰው ወደ ወስዋስ ነው የሚሄደው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ውስጥ ከአንድ አይሁዳዊ እህል በዱቤ ወስደው የጦር ጥሩራቸውን መያዣ እንዳደረጉ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) አስተላልፋልናለች። ዑለሞችም ከዚህና ከመሰሎቹ ተነስተው የምንገበያየውን ሰው ኪስ እስከ ሥሩ መበርበር ግዴታችን እንዳልሆነ ያስተምራሉ። ስለዚህ አንድ ሰው «ደላላው የሚከፍለኝ ገንዘብ ውስጥ የማን ገንዘብ እንደተቀላቀለ እኔ ምን አውቄ» ቢል፣ ለእኔ ሚዛን የሚደፋ ክርክር ነው።

ግን ወደ እጅህ የሚገባውና ከእጅህ ወጥቶ ለእንግዳህ የሚደርሰው አንድ አይደሉም። የእህሉን ክምር ሐዲስ ታስታውሳላችሁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ውስጥ እጃቸውን ወደ ክምሩ ሲያስገቡ ርጥበት አገኙ። ነጋዴውን ሲጠይቁት ዝናብ እንደመታው ተናገረ። እሳቸውም የረጠበውን ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ወቀሱት፤ ማታለልንም አጥብቀው አወገዙ። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ዝናቡ ነው። እህሉን ያረጠበው ነጋዴው አልነበረም። የተወቀሰው ገዢው እጅ ላይ የሚደርሰውን ነገር በማይታይበት ቦታ ስለተወው ነው።

የእኛ ነገር ከዚያም ይብሳል፤ ምክንያቱም ክምሩ ውስጥ ያለውን ሻጩም አያየውም። እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ ከተራ አለማወቅ የሚለየው። ባለ ገጹ ሁሉንም አይቼ እኔው መርጬ አስገባለሁ ቢል ይችላል፤ ገቢው ግን ይቀንስበታል። ምርጫውን ለጨረታው ሲተወው ይጨምርለታል። ማለት፣ በሁለቱ መካከል ያለው የገንዘብ ልዩነት ዓይኑን ለመጨፈኑ የተከፈለው ዋጋ ነው። ሌላው ሰው ባለማወቁ ይከስራል ወይም ይታለላል። ባለማወቁ ደሞዝ የሚከፈለው ሰው «አላውቅም ነበር» ሲል፣ ያው ዑዝር በዚያው ጥንካሬው ይሠራለታል ወይ? እኔ አይመስለኝም።

ሹብሃ ነውና ይተወው የሚሉኝ አሉ። የኑዕማን ኢብኑ በሺር ሐዲስ ሁላችን ጋ አለ፤ ቦታውም እዚሁ ነው። ሆኖም ድረ ገጽ ለሌለው ሰው «ተወው» ማለት ቀላል ነው።

እስካሁን ያነሳነው አንባቢው የሚያየውን ነው። አንባቢውን የሚያየውስ?

ሱረቱል ሑጁራት 12ኛው አያ ላይ አላህ መጥፎ ጥርጣሬን፣ ተጀሱስን ማለትም የሰውን ነውር መሰለልን፣ ሐሜትን በአንድ ላይ ከልክሏል። ሱረቱ-ን-ኑር 27ኛው አያ ላይ ደግሞ ሰው ቤት ሳናስፈቅድና ሰላምታ ሳናቀርብ እንዳንገባ አዟል። በኪታቦች ውስጥ ከዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ጋር የተያያዘ አንድ ትረካ አለ። ሌሊት ከተማውን ሲቃኙ ከአንድ ቤት ድምፅ ሰምተው አጥር ዘለው ገቡ፤ ሰውየውንም በወንጀል ላይ አገኙት። ሰውየው ግን እኔ አንድ ባጠፋ አንተ ሦስት አጥፍተሃል አላቸው፤ ሰልለሃል፣ በበሩ አልገባህም፣ አላስፈቀድክም። ዑመርም ትተውት ወጡ ይባላል። የሙእሚኖች መሪ፣ ወንጀልን ለመከላከል፣ ያውም በገዛ ከተማቸው ያልተፈቀደላቸውን፣ ጫማ ለመሸጥ ማን ፈቀደ?

«የኔ ገጽ ማንንም አይሰልልም፣ ዱዓ ነው ያለበት» ትለኝ ይሆናል። ዱዓ ስላለበት ነው የፈራሁልህ። ሰው ሌሊት ብቻውን ሆኖ የሚከፍተውን አስበው። ወንጀሉ የከበደው ተውባን ይፈልጋል። ዕዳ ያነቀው የዕዳ ዱዓ ይፈልጋል። አንዲት እህት ባሏ የሚመታት ሚስት ፍቺ መጠየቅ ትችል እንደሆነ ታነባለች፤ ለእናቷ ያልነገረችውን ነው ለስልኳ የምትነግረው። ማስታወቂያ ስታስገባ ገጽህ ላይ የምትለጥፋት አጭር ኮድ ደግሞ ያ ገጽ ተከፈተ የሚለውን ወሬ ወደ ውጭ የምታወጣ ቀዳዳ ናት። ትልልቆቹ ድርጅቶች በሃይማኖትና በግል ችግር ላይ ተመስርቶ ሰውን ማነጣጠርን በደንባቸው ይከለክላሉ፤ ጎግልም እንዲህ ያለ ደንብ አለው፣ ሐቁ ይነገር። ግን ወሬው አንዴ ከወጣ በኋላ በስንት ደላላ እጅ እንደሚያልፍ አንተ አታውቅም። ያቺ እህትም አታውቅም።

ነገሩ ሥጋት ብቻ እንዳይመስላችሁ አንድ የሆነ ነገር ልንገራችሁ። ሙስሊም ፕሮ የሚባለውን መተግበሪያ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ የሶላት ሰዓትና ቂብላ የሚያሳየው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2020 ላይ የቫይስ ክፍል የነበረው ማዘርቦርድ እንደዘገበው፣ በዓለም ዙሪያ ከ98 ሚሊዮን ጊዜ በላይ የወረደው ይህ መተግበሪያ የተጠቃሚዎቹን መገኛ ቦታ ኤክስ ሞድ ለተባለ የመረጃ ነጋዴ ይልክ ነበር። ኤክስ ሞድ ደግሞ የሰበሰበውን የመገኛ መረጃ ከአሜሪካ ጦር ጋር ለሚሠሩ ኮንትራክተሮች ይሸጥ ነበር። ባለቤቶቹ ለጦሩ በቀጥታ ሸጠናል የሚለውን አስተባብለው ከኤክስ ሞድ ጋር የነበራቸውን ግንኙነት ወዲያው አቋረጡ። በጃንዋሪ 2024 የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ኤክስ ሞድንና በቦታው የተተካውን አውትሎጂክን፣ የአምልኮ ቦታንና ሕክምና ቤትን የመሳሰሉ ጥንቃቄ የሚሹ ቦታዎችን የሚጠቁም መረጃ እንዳይሸጡ አገደ።

ይህ ከማስታወቂያ ባነር ጋር በትክክል አንድ ነው አልልም፤ እዚያ የተሸጠው መገኛ ቦታ ነው። የሚያገናኛቸው ግን ውስጡ ያለው አሠራር ነው፦ ባለቤቱ የሌላ ሰው ኮድ ቤቱ ውስጥ ያስገባል፣ ክፍያ ይቀበላል፣ የሚወጣው ነገር የት እንደሚደርስ ግን አያይም። ሰውየው ስልኩን ወደ ካዕባ አዙሮ ቂብላ ሲፈልግ፣ የት እንደቆመ ለማያውቀው ሰው እየተነገረበት ነበር።

«እስማማለሁ የሚለውን ተጭኖ የለ?» የሚል ክርክርም አለ። የአውሮፓ የመረጃ ጥበቃ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ከሠራ ወዲህ ያቺ መስኮት በየገጹ ትወጣለች። በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል። ሕጉ ይሁን። ነገር ግን ሱረቱ-ን-ኒሳእ 29ኛው አያ ንግድን ከመዋደድ ጋር ነው ያያያዘው። እናቱ ሆስፒታል ተኝታ የሺፋ ዱዓ ለማግኘት የሚቸኩል ልጅ፣ መንገዱን የዘጋችበትን መስኮት ለማስነሳት ጣቱን ሲያሳርፍ ወዶ ነው? ደግሞ ምኑን አውቆ?

አሁን ወደ ወንድማችን ልመለስ፤ ዝም ብዬ ስለ አደጋው ባወራ እሱን አልረዳሁትም። የምችለውን ነግሬዋለሁ። አብዛኞቹ የማስታወቂያ አገልግሎቶች የማይፈለጉ ዘርፎችን መዝጊያ ቦታ አላቸው። ብዙ ሰው ግን ኮዱን ለጥፎ ክፍያውን እንጂ እሱን ገጽ ከፍቶት አያውቅም። ሰውን እየተከተለ የሚመጣውን አጥፍቶ በገጹ ይዘት ብቻ የሚመረጠውን ማስቀረትም ይቻላል። ከሁሉ የወደድኩት ግን የድሮው መንገድ ነው፦ የሚያውቀውን ነጋዴ፣ የኪታብ ሱቅ ወይም ማር ሻጭ፣ «በወር ይህን ያህል ክፈለኝና ሥዕልህን ልለጥፍልህ» ማለት። ሁሉም ሰው ያንኑ ሥዕል ያያል፣ እሱም ራሱ ያየዋል። ማንም አይከተልም። መርካቶ ያለችው ግድግዳ ተመለሰች ማለት ነው።

ሁሉንም አደረገው፣ አላህ ይቀበለው። ሳምንት ቆይቶ የጻፈልኝን ግን ሳላሳጥር ብነግራችሁ እወዳለሁ፤ ይህን ጽሑፍ ለማማር ብዬ ብደብቀው ያው እኔም የረጠበውን ከታች ማድረጌ ነው። ገቢው ወረደ። የኪታብ ሱቁ የአንድ ወር ከፈለና ተወ። የሆስቲንግ ክፍያው እየደረሰ ነው። ሌሎች ደግሞ፣ ከእሱ ገጽ ዱዓዎቹን እየገለበጡ የሚለጥፉ፣ ማስታወቂያውን እንደ ጎርፍ ለቅቀው ገቢያቸው ደህና ነው፤ ጎግል ላይም ከእሱ በላይ ይወጣሉ። «የኔ ገጽ ብትዘጋ ሰዎቹ ዱዓውን ከእነሱ ነው የሚያነቡት፤ ውርርዱንም ከእነሱ ነው የሚያዩት። ታዲያ ማንን አዳንኩ?» አለኝ።

ይህን ጥያቄ በአንድ ሐዲስ መዝጋት ይቻላል፤ ሪዝቅ ከአላህ ነው ማለት ይቻላል፤ ነውም። ነገር ግን ሪዝቅ ከአላህ ነው የሚለውን ቃል ሌላው ሰው ሲከስር ቆሞ መናገር አፌን ይይዘኛል። እኔ ራሴ የምጽፈው የማስታወቂያ ድርጅት ባሠራው መድረክ ላይ ነው። ይህን አንብበህ ጣትህን ወደ ላይ ስትገፋ የሚቀጥለው ምን እንደሚሆንልህ አላውቅም። እኔ አልከፈልህበትም፣ ልዩነቱ እሱ ብቻ ነው፤ ትንሽ ልዩነት እንዳልሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። ለወንድማችን ያልኩት፣ ለሌላው ገጽ ጥፋት አንተ አትጠየቅም፣ የራስህ በር ግን የራስህ ነው የሚል ነው። አልመለሰልኝም፤ የረካም አይመስለኝም። ከእናንተ መካከል ዓመታዊ ክፍያውን መካፈል የምትፈልጉ ካላችሁ በውስጥ መስመር ንገሩኝ፣ አገናኛችኋለሁ።

ያለፈውስ ገንዘብ? የጠየቃቸው ሸይኽ ከተጠራጠረበት ገንዘብ እንዲገላገልና ለሚስኪን እንዲሰጠው፣ እንደ ሰደቃም አጅር እንዳይጠብቅበት መክረውታል። ሰጥቷል። ገንዘቡ በዚህ ያበቃል፤ የሰው ሐቅ ግን በገንዘብ አያልቅም፣ ባለቤቱ ዓፍው ማለት አለበት። ስለዚህ ወደ አክስቱ ልጅ ሄደ። ልጁ ስቆ ተቀበለው። «አልነካሁትም፣ አይቼ ነው የዘጋሁት» አለው፤ አቅፎም ሸኘው።

ወንድማችን አሁን የሚጠይቀኝ ስለ ሌሎቹ ነው። በእነዚያ ወራት ያቺን ገጽ የከፈቱት፣ ስክሪንሾት ያልላኩት፣ ስማቸውን የማያውቃቸው። የገጹ መቁጠሪያ ብዛታቸውን ያሳየዋል።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።